የአስቴር ቢጫ ሰናፍጭ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ማንኪያውን ላሰችው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጆች ሳለን ጣታችንን ስንልስ እጃችንን በማማሰያ ትመታን የነበረችው እናቴ፣ ዛሬ ምሳ ላይ የአስቴርን ሰናፍጭ ማንኪያ ገልብጣ ጀርባውን ላሰች። እኔን ስታይ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

አስቴር የታናሽ ወንድሜ የጌትነት ሚስት ናት። ቡሬ ነው የሚኖሩት፤ እሱ እህል ይነግዳል። ትናንት እማን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ይዘው የመጡት፦ ብርቱካን፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ቀይ ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ሰናፍጭ። ሰናፍጩ ቢጫ ነው። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። በጾም ስለ እንቁላል መጻፌን ይቅር ይበለኝ።

እኔ ቤት ሰናፍጭ ጠፍቶ ነው? መጠየቅ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። እማ ከገበዝ ማርያም መጥታ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። በየጾሙ የእኔን ሰናፍጭ ስትበላ ኖራለች። አሠራሩን ያስተማረችኝም ራሷ ናት። ፍሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በድንጋይ ይፈጫል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታሻል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባበታል፣ ታፍኖ ያድራል። ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ሰርስሮ አናት ላይ ካልወጣ እኛ ቤት ሰናፍጭ አይባልም። የእኔን ስትበላ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። በነጠላዋ ጠረግ ታደርገውና «እሰይ» ትላለች። ይህችን «እሰይ» ለመስማት ስል በየጾሙ ትንሽ ትንሽ እያከረርኩት መጥቻለሁ።

የአስቴርን ስትበላ እንባ የለም። «እሰይ» የለም። መላስ ብቻ።

የእኔው ሳህኑ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ደርቆ ዙሪያው ተሰነጣጠቀ። ሲነሳ አሳዘነኝና ለብቻዬ ወጥ ቤት ቆሜ በላሁት። ጥሩ ነበር እኮ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ክፍል ውስጥ ሐሳቤ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ነበር። የአራተኛ ክፍሎችን ደብተር ሳርም አንዷ በትክክል የሠራችውን ኤክስ አደረግሁባት። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አስተካከልኩላት። ይቅርታ ግን አላልኳትም፤ ነገ እላታለሁ።

ቤት ስገባ እማ ስልክ ላይ ነበረች። ትስቃለች። እኔ ስገባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ በይ መጣች» ብላ ዘጋችው። መጣች የተባልኩት እኔ ነኝ። በገዛ ቤቴ።

ማን እንደሆነ ስጠይቃት አስቴር ናት አለች። ምን አለችሽ ብላት «ምን ትለኛለች፣ ደህና ነሽ ወይ ነው እንጂ» አለችኝ። ለደህና ነሽ ወይ እንዲህ አይሳቅም። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እኔ ያንን ሳቅ የሰማሁት ሁለቴ ነው፤ አንደኛው ጎረቤታችን በበግ ሲወጋ ነው።

እሷ ጋደም ስትል ጠርሙሱን ከፍቼ ቀመስኩ። አይፋጅም። የሕፃን ምግብ ነው። ማር አለበት። ዘይቱ በደንብ ተመትቶ ገብቶበት ቅባት ቅባት ይላል፣ ጉሮሮ ላይ ሳይቆም ይወርዳል። እንደገና ቀመስኩ። ሦስተኛም ቀመስኩ። እውነቱን ለዚህ ደብተር ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ይጥማል። ይህን በመጻፌ ራሱ ተናድጃለሁ።

ስለ አስቴር የማልወዳቸው ነገሮች፦

«እታለም» ስትለኝ ድምጿን ታለሰልሰዋለች።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

መጥታ ስትሄድ ዕቃ አጥባ፣ ጓዳውን ጠርጋ ነው። የምታማበት ነገር እንኳ አታስቀርልኝም።

ባሏ ይወዳታል። እኔ ከፈታሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ይሄ ከሰናፍጭ ጋር ምንም አይገናኝም። ይገናኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ከትምህርት ቤት ስወጣ ገበያ ሄድኩ፣ እትዬ ዘሃራ ጋ። ቅመም ከሷ ነው የምገዛው። እሷም በጾሟ ላይ ናት፣ እኔም በጾሜ ላይ ነኝ፣ ከንፈራችን ደርቆ ተያየን። «መምህርት፣ ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። ቢጫ ሰናፍጭ እንዳላት ጠየቅኋት።

«እንደዚያች እንደ ምራታችሁ ነው? የቡሬዋ?» አለች።

ባለፈው ሳምንት አስቴር እዚህ መጥታ ነበር። ፍኖተ ሰላም። እኛ ቤት ሳትገባ። እትዬ ዘሃራ እንደምትለው ከጆንያው አጠገብ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ፣ ከቡናማው መሃል ቢጫ ቢጫውን አንድ በአንድ ስትለቅም አረፈደች። ጎረምሳ ሁሉ እያየ ሲስቅባት ቀና እንኳ አላለችም። «‹ለአማቴ ነው› አለችኝ። አላህ ያሳድጋት፣ እኔስ ቀናሁ» አለች እትዬ ዘሃራ።

እሷ ቀናች። እኔ ምን ልበል።

ለምን እኛ ቤት አልገባችም? ከገበያው እኛ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የተደበቀ ነገር አለ።

እኔም ገዝቼ ቤት አመጣሁና ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ለቀምኩ። ዓይኔ እስኪንቀዋለል። ቢጫው ጥቂት ነው፣ ቡናማው ብዙ፣ መሃል ላይ ምን ቀለም እንደሆነ የማይታወቅ ደግሞ አለ። እሱን ሁሉ ቢጫ ነህ እያልኩ አሳለፍኩት። ፈጨሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አሸሁ፣ አፈንኩ። መልኩ የአስቴር፣ ቁጣው የእኔ። ነገ እናያለን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አየን።

ከእንጀራው ጫፍ ቆርሳ ነካ አደረገችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሰይ፣ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ለጎረቤት ነው የሚባለው። ሳህኑን በጣቷ ገፋ አደረገችውና «ያቺ ጠርሙስ አለች?» አለች።

አለች።

ድንች ቀቅዬ ነበር። እማ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች አስቴር ድንቹን ልጣ፣ ትኩስነቱ ወጣ ሲልለት በሰናፍጭ እንደምትለውሰው ነገረችኝ። ጎመኑንም እንደዚያው። ይህን ሁሉ የነገረቻት መቼ ነው? በስልክ ነው እንግዲህ። ከጠርሙሱ ቀንሼ ለወስኩላት። ሳህኑን ጨረሰችው። በጾም እንዲህ በልታ አይቻት አላውቅም፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ማማሰያውን ገንዳ ውስጥ ወረወርኩት።

አሁን ያደረግሁትን ልጻፍ። ከጻፍኩት ቀለል ይለኝ ይሆናል።

እማ ውዳሴ ማርያሟን ስትደግም ወጥ ቤት ገባሁ። የጠርሙሱን ቅሪት በዳቦ እየጠቀስኩ በላሁት። ሁሉንም። ጠርሙሱን አጠብኩ። የራሴን፣ ትናንት የሠራሁትን፣ እርድ ጨምሬ ቀለሙን አስተካክዬ ሞላሁበት። ቀዩን ክዳን ከደንኩና ቦታው መለስኩት። ማን ይለየዋል?

ሐሳቤ ይሄ ነው። ነገ ከዚህ ጠርሙስ ትበላለች። የአስቴር መስሏት «ጣመኝ» ትላለች። ያን ጊዜ የእኔ ነው እላታለሁ። ያን ጊዜ የምትወደው ሰናፍጩን ሳይሆን የሠራችውን ሴት መሆኑን ታምናለች። ወይም እኔ አምናለሁ።

ለአራተኛ ክፍል ስለ ታማኝነት የማስተምር ሰው ነኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

እማ እስክትተኛ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ አቀረብኩ። ጠርሙሱን ራሷ ከፈተችው። ያኛው ለስላሳ ስለነበር አምናው አንድ ማንኪያ ሙሉ ዳቦው ላይ ደፋች፣ ጎረሰችው። እኔ እንጀራ ቆርሼ «ጣመኝ»ን እየጠበቅሁ ነበር።

መጀመሪያ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ትንፋሿ ተቆረጠ። ሳል። ፊቷ ቀላ፣ እጇን ዘረጋች፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ውሃውም በአፍንጫዋ ተመለሰ። ጀርባዋን እየደበደብኩ «እማ፣ እማ» ስል ከሁለት ደቂቃ በላይ አይሆንም፤ እኔ ግን እድሜዬን ጨረስኩ። ሲለቃት ትራሱ ላይ ወደቀች። ድምጿ ጠፍቷል።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረውን ልጻፍ። ጠርሙሱን በእጇ ገፍታ «ይቺን አንሻት» ስትል ውስጤ ደስ አለው። አዎ። እናቴ ልትታፈን ደርሳ፣ እኔ ደግሞ የአስቴር ጠርሙስ ተጠላ ብዬ ደስ አለኝ። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ መልሼ እስክመጣ ድረስ ቆየ። ከዚያ ተወኝ።

አፍሽን አሳይኝ አልኳት። እምቢ አለች። ለመንኳት። ስትከፍት ምላሷ መሃል ለመሃል ተሰነጣጥቋል፤ የታችኛው ከንፈሯ ውስጥ ቁስል አለ። የዛሬ ቁስል አይደለም። ዳር ዳሩ የሻረ፣ እንደገና የቆሰለ፣ እንደገና የሻረ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላት «ቆይቷል፣ የእርጅና ነው» አለች። አብረን እንኖራለን። በየቀኑ አበላታለሁ። አፏን አይቼው አላውቅም።

ቆይታ በሰለለ ድምጿ «ለአስቴር እንዳትነግሪያት። ሆደ ባሻ ናት፣ ትከፋለች» አለችኝ።

ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እንዲህ ብላ ለስንት ሰው ስለ ስንት ሰው ተናግራ ይሆን?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

እማ ከገብስ አጥሚት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ቀዝቅዞ ነው የምትጠጣው።

ጠዋት ጌትነት ለእሷ ደወለላት። ድምጿን ሲሰማ ምን ሆነሽ አላት፣ ምንም አለች፣ ወጥሮ ያዛት፣ በመጨረሻ «ሰናፍጩ ትንሽ ቆጥቶ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ለእኔ ደወለ። አስቴር ላይ ጮኾባታል። እናቴን ልትገያት ነው ወይ ብሏታል። ስታለቅስ ነው ያረፈደችው አለኝ። «አንቺም እህቴ፣ ሳትቀምሺ እንዴት ታቀርቢላታለሽ?» ሲለኝ አፌን ከፈትኩ። እውነቱ እዚህ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«እሺ» አልኩት። እሺ ብቻ።

ነገ አስቴር በመጀመሪያው ሚኒባስ ትመጣለች፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ይቅርታ ልትጠይቅ። ያላጠፋችውን።

ማድረግ የምችለው፦

ዝም ማለት። ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እማ ይቅር ትላታለች፣ ያልቃል። እማ ግን ሁለተኛ ከእጇ አትበላም። ከእኔም አትበላም። አጥሚት ብቻ ይቀራል።

ጠርሙሱን መስበር። ወድቆ ተሰበረ ማለት። እንደ ልጅ።

መናገር።

መንገዱ ይዘጋ ብዬ ጸለይኩ። ወዲያው ሰረዝኩት። ጸሎት ይሰረዝ እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ደብረ ዘይት። ከቅዳሴ ስመለስ ቀድማኝ ደርሳለች። መንገዱ ክፍት ነበር።

እማ እግር ሥር ተደፍታ ጉልበቷን ስማለች፣ አልነሳም ብላለች። «ይማሩኝ እማማ፣ ምን እንዳጠፋሁ ባላውቀውም ይማሩኝ» ትላለች። እማ ትከሻዋን እየጎተተች «ኧረ ተነሽ ልጄ፣ ምንም አላደረግሽ፣ እግዜር ይማርሽ» ትላለች። በር ላይ ነጠላዬን እንደለበስኩ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁ። ሸሸሁ ማለት ነው።

ተከትላኝ ገባች፣ ዕቃ ላጥብ ብላ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ከፈተችውና አሸተተችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ክዳኑን መልሳ ዞር አለችና አየችኝ። ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲጠፋ ማን እንደወሰደው እያወቀች የማትናገር ልጅ እንዲህ ነው የምታየኝ።

«እታለም፣ ይህን እኔ አልሠራሁትም» አለች። እማ እንዳትሰማ ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «የአንቺን በላሁት።»

«በሉት?»

«ሁሉንም። በዳቦ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር። «ጣመዎት?» አለችኝ።

ጣመኝ አልኳት። ምን ልበል፣ ጥሞኛል።

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። የጾሙ መግቢያ ላይ እማ ደወለችላት። አፌ ቆስሏል፣ የልጄን የየሺን መብላት አቅቶኛል አለቻት። ቢጫ ቢጫውን ልቀሚ፣ ቡናማው ይበልጥ ይፋጃል፣ በፈላ ውሃ አቡኪው፣ ውሃው ሲፈላ ቁጣው ይሞታል፣ ማር ጠብ አድርጊበት ብላ አሠራሩን በስልክ አስተማረቻት። ገበያ ስትመጣ እኛ ቤት ያልገባችው እማ እንዳትነግሪያት ብላት ነው። «እኔን ከማብላት ሌላ ደስታ የላትም፤ ሰናፍጭሽ ጎዳኝ ብላት ትሰበርብኛለች» አለችኝ አለች።

ይህን ስሰማ ያመመኝን በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። የሰናፍጩ ቅናት ቀልድ ነበር። እናቴ የአፏን ቁስል የነገረችው ለወንድሜ ሚስት ነው። እኔ «አንቺ» እያልኳት በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ ያላወቅሁትን እሷ ቡሬ ሆና «እርስዎ» እያለች አወቀችው። በዚያች ደቂቃ አስቴርን የጠላኋትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ደግሞ ምን አድርጋኝ? ሰሃን እያጠበችልኝ ነው።

ሄጄ ለእማ ነገርኳት። አስቴር እጄን ልትይዘኝ ሞክራ ነበር። ቆሜ፣ እንደ ልጅ፣ ጠርሙሱን ይዤ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። መብላቴን፣ መሙላቴን፣ እርዱን፣ ዓርብ ደስ ያለኝንም ጭምር።

እማ ጠርሙሱን አየችው። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። ትቆጣኛለች ስል «እኔስ፣ አንዲት ቃል ብነግርሽ ምን ነበረበት» አለች። «ፈራሁሽ ልጄ።»

ፈራሁሽ። ልጅ ሆኜ በማማሰያ የመታችኝ ሴትዮ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት «እሰይ» ያ ነው እንግዲህ። እንባዋን አይቼ ጣማት እያልኩ አከረርኩት። ከፍርሃት የምትለውን።

ለጌትነት አስቴር ፊት ደውዬ ነገርኩት። ሚስቴን ስጪኝ አለኝ። ስልኩን ይዛ ደጅ ወጣች፤ ምን እንዳላት አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት ያቺን ያለ ጥፋቷ ኤክስ ያደረግሁባትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኋት። ረስታዋለች።

ከሰዓት ሰፌዱን ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። ዛሬ አላጭበረበርኩም። ቡናማውን ቡናማ፣ ቢጫውን ቢጫ አልኩት። አንድ ስኒ እንኳ አልሞላም። ፈጭቼ ውሃ ጣድኩ። በፈላ ውሃ ሳቦካው ያ አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ አንዴ ቦግ ብሎ ጠፋ። እጄ ላይ ሞተ። ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረግሁ መታሁት፣ ማር ጨመርኩበት፣ ጨው ጨመርኩ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ጠርሙሱን አስቴር አጥባ ትታልኛለች። እሱ ውስጥ አላደረግሁትም። በእኔ ጣሳ አደረግሁት።

ድንቹን ለውሼ አቀረብኩላት። አጠገቧ ተቀመጥኩና ፊቷን ላለማየት መስኮቱን አየሁ። አንድ ጎረሰች። ቆየች። ደግሞ ጎረሰች። እንባ የለም። «እሰይ» የለም።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

ዞሬ አየኋት። አትፈራም። እንደ ድሮው፣ ገበዝ ማርያም እያለን ወጤን ቀምሳ ፊቷን እንደምታኮማትረው አኮማተረች። በምላሷ ከንፈሯን ነካች፣ ቁስሉ ጋ ሲደርስ ቀስ አለች። ቀጠለችና «ማሩም አንሷል። አስቴር ከዚህ ታበዛዋለች» አለችኝ።

ይቺኛዋ ወጋችኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ወጋችኝ። ቢሆንም ሳህኑን ስታጋምስ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ትንሽ አለቀስኩ፣ በሰናፍጭ አላመካኘሁም።

ነገ ጨው እቀንሳለሁ። ማሩን ግን የአስቴርን ያህል አላደርገውም።